«ደብዝዟል፤ ይታደስ» ላሉት ክቡር ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዓይን ሕክምና ማዕከሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት፣ ድምፅዎም ከስብሰባ ብዛት እንዳይዘጋ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንዎን በሚመለከት ግን ምኞት አላበዛም፤ አሁን በማዕከልዎ በሚሠራበት አሠራር መሠረት ወፍራም ጥቁር ፊደል ያየ ሰው ሁሉ ጤነኛ ስለሆነ፣ እርስዎም ያለ ጥርጥር ጤነኛ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። እንጀራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ነው፤ ወዳጅ የማይበረክትልኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ይህን ደብዳቤ «ግልጽ» ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንድም ማንም እንዲያነበው ነው፤ አንድም በማተሚያ ቤታችን ካሉት ፊደሎች ሁሉ ደማቁንና ወፍራሙን መርጬ ስላሳተምኩት ነው። የደበዘዘ ነገር እንደማይወዱ ከራስዎ ሰዎች አፍ ሰምቻለሁና።

ጉዳዬ የእህቴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» እንላታለን። ስሙን ያወጣላት አመሏ ነው፤ አንድ ነገር ሲሰጧት ወዲያው አትናገርም፤ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፣ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፣ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ፍርዷን የምትሰጠው። ያየችውን «አየሁ»፣ ያላየችውን «አላየሁም» ትል ነበር። በሥራዬ ምክንያት የስንቱ ሊቅና የስንቱ ባለሥልጣን ጽሑፍ በእጄ አልፏል፤ «ይህን አላውቅም» ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ በዚያች ልጅ «አላየሁም» እኮራ ነበር፤ አሁንም ብኮራ ደስ ባለኝ።

ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ነው፤ ድካሙ ግን እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። ትልቅ ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ከቀረበላት ከእኩዮቿ ባልተናነሰ ታነባለች። ወተት በነጭ ኩባያ ሲቀዳ ግን የት እንደደረሰ የምታውቀው ጣቷ ሲረጥብ ነው። ግራጫ ደረጃ ለእሷ ሜዳ ነው። ሰው ራቅ ብሎ ፈገግ ቢልላት ቁመናውን እንጂ ፈገግታውን አታየውም፤ በዚህ የተነሳ ጎረቤቶቻችን ገና በጨቅላነቷ ኩራተኛ ብለዋት ነበር። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ ለሰው ክፉ የማይወጣት ሴት ስለሆነች፣ በየበሩ እየቆመች ልጇ ኩራተኛ እንዳልሆነች ታስረዳ ነበር። እኔ ግን ማስረዳት ስለማልወድ ለጎረቤቶቹ እኔው ኩራተኛ ሆኜ አሳየኋቸው።

የዚህ ዓይነቱ ድካም የሚለካው በሌላ ሰሌዳ ነው። ለዓይን ማዕከል ኃላፊ ይህን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ይሁን እንጂ ሌላም አንባቢ ስላለ ይታገሡኝ። ሁላችንም በምናውቀው ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ። በዚህኛው ሰሌዳ ላይ ግን ፊደሎቹ በሙሉ እኩል ናቸው፤ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው ቀለማቸው ነው። የላይኛው ረድፍ ጥቁር ነው፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ፈዛዛ ግራጫ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጤነኛ ዓይን እንኳ «ኧረ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ነው። ልጅ ፊቱ ትቀመጣለች፣ ታነባለች፣ ያቆመችበት ረድፍ ይመዘገባል። ባለሙያዎቹ የንጽጽር ዕይታ ይሉታል፤ ነገርን ከጀርባው ለይቶ የማየት አቅም ማለታቸው ነው። እንግዲህ የሰሌዳው ሥራ መደብዘዝ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈለው ቢሆን ኖሮ የሚከፈለው ለዚሁ ነበር።

በማዕከልዎ አንዲት የዓይን መርማሪ ነበሩ። ዳኛዋን በዚያ ሰሌዳ ፊት አስቀመጧት። ልጅቷ ሁለተኛውን ረድፍ አንብባ ስትጨርስ፣ እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ መሆኑን አስታወቀች። መርማሪዋም ለእህቴ ልጇ ሰነፍም ኩራተኛም እንዳልሆነች፣ ግራጫ ነገር እንደማይታያት አስረዷት፤ በሰጡትም ማስረጃ መሠረት ትምህርት ቤቱ ከፊት ወንበር፣ የጠረጴዛ መብራት፣ መስመሩ የደመቀ ደብተርና ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ሰጣት፤ የደረጃዎቹም ጠርዝ ቢጫ ተቀባላት። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው ልጅ ስትማር ከረመች። እንደዚህ ያለ ነገር ሲሠራ ዝም ተብሎ መታየት እንደሌለበት ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩። ማስረጃው በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በአዲስ ምርመራ ይታደሳል። መርማሪዋ ወልደው ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ማዕከሉን የሚጎበኙ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማና ክቡርነትዎ በየክፍሉ እየገቡ ይቃኙ ጀመር። ይህንን የነገሩኝ የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ የነገሩኝም በኩራት ነው። ግድግዳው ሲቀባ፣ መጋረጃው ሲቀየር፣ በመጨረሻ ከዚያ ሰሌዳ ፊት ደረሱ፤ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ፊትዎም ጠቆረ፤ ከዚያም «ደብዝዟል፤ ይታደስ» አሉ።

ታደሰም። የታፔላ ጸሐፊ ተጠራ፤ ሰውየውም የተባለውን አሳምሮ ሠራ፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። እያንዳንዱን ፊደል በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ደገመበት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ግን ምንም የሚደገም ነገር አላየም፤ ቦታው ባዶ ነው ብሎ ጠየቀ። የንብረት ክፍል ኃላፊውም ባዶ ከሚሆን ለእንግዶቹ የሚሆን መልካም ነገር ይጻፍበት አሉ። እናም ጤነኛ ዓይን ሊያየው የሚታገለው ረድፍ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ዛሬ ከግቢው በር ሊነበብ በሚችል ፊደል «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ተጽፏል። ዳርና ዳሩም አበባ አለው። ሊያጌጡ ይመላለጡ ይባላል፤ እርስዎ ግን ለማስጌጡ የራስዎን ሰሌዳ፣ ለመመላለጡ የሰው ልጅ ስለመረጡ፣ ለዚህ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪። ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ተአምሩ ነው። በመርማሪዋ ቦታ ከመድኃኒት መደብሩ መስኮት ተነሥቶ የመጣ ወጣት ተተካ፤ ያደረገው የታዘዘውን ነው፤ ልጆቹን እያስገባ ሰሌዳውን አስነበበ። ሁሉም አነበቡ። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ሲዳብሱ የኖሩ ልጆች በዚያ ሳምንት በሙሉ ዳኑ። ጠብታ የለ፣ ቀዶ ሕክምና የለ፣ መነጽር እንኳ የለ፤ በአንድ ጣሳ ቀለም ብቻ። ለእንግዶቹ በቀረበው ሪፖርት ላይም «የንጽጽር ዕይታቸው የተሻሻለ ሕፃናት» በሚል ርዕስ እንደሰፈሩ ሰምቼ አልደነቀኝም። በዚያው ጣሳ ውስጥ የተረፈ ቀለም ካለ፣ አንካሶቹንም ቀባ ቀባ ቢያደርጉልን መልካም ነበር።

እህቴ የዚያን ዕለት እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ወረቀቱ ልጅቷ የመጨረሻውን ረድፍ እንዳነበበች ይናገራል። ዳኛዋ ግን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያም የታችኛው መስመር ለምን ሰላም እንዳላት ጠየቀችኝ። እኔም የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ሰላምታ እንደማይሰጥ ስለማውቅ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ በማግስቱ ማዕከልዎ መጣሁ። ያየሁትን ከላይ ጽፌዋለሁ። በአበባውም ፊት ትንሽ ቆሜ አደነቅኩ፤ ከዚያም ቅሬታችንን በጽሑፍ አስገባሁ።

፫። ሦስተኛውን ምስጋና ለኋላ አቆየዋለሁ። ከሁሉ የበለጠ እሱ ነውና፣ በተራ ቁጥር መካከል እንዲጠፋ አልፈልግም።

፬። ለቅሬታችን በሰጡን መልስ ላይ፣ የቀድሞው ውጤትና የአሁኑ ውጤት መራራቁን በትክክል ተመልክተዋል። ይህን ያህል ያየ ሰው ምክንያቱንም ያየዋል ብዬ አንብቤ ነበር፤ ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሰሌዳው ንጹሕ ሆኖ ጥፋተኛዋ ልጅቷ ሆነች። ቀደም ሲል የነበረው ውጤት «ሕፃኗ በማስመሰሏ» የተገኘ መሆኑ ተገልጾ፣ ለትምህርት ቤቱም ግልባጭ ተላከ። ትምህርት ቤቱ ግልባጭ ይወዳል። መብራቱ ተነሣ፤ ወንበሯ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ የደረጃው ቢጫ ቀለም ሲለቅ የሚደግምለት ጠፋ። መምህሯ ደህና ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር የሚሟገት ሰው አይደሉም፤ ባረጀው የክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፉትን ለምን እንዳልገለበጠች ሲጠይቋት፣ ክፍሉ በሙሉ «ታስመስላለች» ይል ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለአፍታ ማቆየት ከብዶኛልና ቢሻክር ይታገሡኝ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ያቺ ልጅ ደብተር ፊቷ አድርጋ ስትቀመጥ፣ ከሥራ ቦታ የያዝኩትን ቀለሙ የሳሳ የሙከራ ገጽ አነሣሁና ፊቷ ዘረጋሁት። ድሮ ቢሆን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ባዶ ነው ብላ ትመልስልኝ ነበር። ያን ዕለት ግን አላስጠጋችውም። ወዲያው እንደሚታያት ተናገረች። ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳት።

«እንኳን ደህና መጡ ይላል» አለችኝ።

ገጹ የአንድ የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ነበር። ልጅቷ አልዋሸችም ክቡር ሆይ፤ ትልልቅ ሰዎች ደስ የሚላቸውን መልስ ነው የነገረችኝ፤ ምክንያቱም ያንን መልስ በሰጠች ቀን እናቷ አቅፋት አልቅሳለች፣ ወጣቱም «ጎበዝ» ብሏታል፣ እውነቱን በተናገረች ቀን ግን አስመሳይ ተብላለች። አሁን ለሁሉም ነገር «አያለሁ» ትላለች። ወተቱ ሲፈስ «አያለሁ»። ደብተሯ ላይ አንዱን ጽሑፍ በሌላው ላይ ደርባ እየጻፈች «አያለሁ»። ባለፈው ዝናም ሲያካፋ፣ መንገድ ለማቋረጥ ቆመን መኪና ይመጣ እንደሆነ ስጠይቃት፣ እንደማይመጣ፣ ጥርት አድርጋ እንደምታይ ነግራኝ እግሯን አነሣች፤ መኪናው ግራጫ ነበር፣ አስፋልቱም ግራጫ፣ ሰማዩም ግራጫ። ክንዷን የያዝኩበት ቦታ እስከ ማግስቱ ሰንበር ሆኖ ታየ። አስመሳይ ያልነበረችውን ልጅ አስመሳይ ያደረጉ እርስዎ ነዎት፤ ማዕከልዎ ከሰጣቸው ሕክምናዎች ሁሉ በትክክል የሠራው ይህ አንዱ ስለሆነ፣ በሪፖርትዎ ቢያሰፍሩት አልቃወምም። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም ለመጻፍ አላፍርም።

፭። አምስተኛው፣ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ በቢሮዎ ስለተቀበሉን ነው። እህቴ ልጇን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ገና ሳይናገሩ ማመስገን ጀምራ ነበር። እርስዎም በትዕግሥት አስረዱን፤ ሰሌዳው የማዕከሉ ንብረት መሆኑን፣ ከመታደሱ በፊት እንግዳ ፊት የሚያሳፍር እንደነበረ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊነበብ የማይችል ሰሌዳ መስቀል ምን እንደሚጠቅም እስካሁን የነገረዎት ሰው እንደሌለ ነገሩን። ነጋዴ ሚዛኑን ሁልጊዜ ሙሉ ኪሎ እንዲያሳይ አድርጎ ቢያስር ይታሰራል ብዬ ልመልስልዎ አፌ ደርሶ ነበር፤ ግን ጠረጴዛዎ በጣም ያምር ነበርና ተውኩት። መርማሪዋ ከዕረፍት ሲመለሱ ይጠየቁ ብዬ ስለምን፣ እሳቸው ሲመለሱ የሚመደቡት ወደ መዝገብ ቤት እንደሆነ ገለጹልን። ማየት የሚለኩ ሰው መዝገብ ቤት፣ መድኃኒት የሚያቀብል ሰው ምርመራ ክፍል፤ እርስዎም በዚያ ወንበር ላይ። ሰውን በየቦታው ማስቀመጥ ይህን ያህል ይከብዳል ማለት ነው።

አሁን ሦስተኛውን ምስጋና ላንሣ።

ከቢሮዎ ወጥተን ስንሄድ እርስዎም ለምሳ ተነሥተው ከኋላችን ይመጡ ነበር። የማዕከሉ የፊት ደረጃ ለእንግዶቹ ሲባል በአዲስ ድንጋይ ተለብጧል፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ፣ አንድ ዓይነት ልስልስ፣ ጠርዙ ላይ አንዳች ምልክት የሌለው። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች በሚወጡበትና በሚወርዱበት ቤት ይህን ደረጃ የመረጠ ሰው ቀልድ እንደሚያውቅ መካድ አይቻልም። እህቴ ወረቀቶቿን ስታስተካክል የልጅቷን እጅ ለቀቀች። እኔም ደረጃው መሆኑን ነገርኳት፤ እሷም «አያለሁ» አለችኝ። ሜዳ ላይ እንደምትራመድ ሰው ረገጠች፤ አየር ረገጠች፤ እስከ ታች ድረስ ተንከባለለች።

ደርሰን ስናነሣት ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። ያኔ ከበላያችን፣ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ደረጃ ላይ፣ ድምፅዎን ሰማሁ።

«ምን ዓይነት ልጅ ናት! ዓይን የለሽም እንዴ?»

ዳኛዋም በሚደማ አፏ ቀና ብላ መለሰችልዎት።

«አለኝ፤ አያለሁ» አለች።

እርስዎ አልፈውን ሄዱ። እህቴም ይቅርታ ጠየቀችዎት፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን ልትነግረኝ አልቻለችም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነገሩን አሰብኩትና ምስጋና እንደሚገባዎት ተረዳሁ። መርማሪዋን ካነሡ ወዲህ ከማዕከልዎ ከወጡት የምርመራ ውጤቶች ሁሉ ትክክለኛው ያ አንዱ ነው። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ሰሌዳ፣ በአንድ ጨረፍታ ብቻ ልጅቷ እንደማይታያት አረጋገጡ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእርስዎ ዓይን ያየውን ልብዎ እስኪሰማው ግን ረጅም መንገድ ያለ ይመስላል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። በደረጃው ላይ በቃል የሰጡትን ያንን ውሳኔ በደብዳቤ አድርገው፣ ቁጥርና ቀን ሰጥተው፣ በማኅተም አረጋግጠው ይላኩልን፤ ግልባጩንም ለትምህርት ቤቱ። ትምህርት ቤቱ ግልባጭ እንደሚወድ ነግሬዎታለሁ። የዳኑትን ልጆችም በሙሉ ይጥሯቸውና እንደገና ያስታምሟቸው፤ ለዚህም አዲስ ሰሌዳ ያስመጡ፣ መርማሪዋን ከመዝገብ ቤት ያውጡ፣ ሰሌዳውም ሲደርስ ከእርስዎ ዓይን ራቅ ባለ ክፍል ይሰቀል። የድሮውን ግን አይጣሉት፤ በቢሮዎ በር ላይ ቢሰቅሉት «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ቦታውን ያገኛል።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡ፣ ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ፤ ካላነበቡም እንደተለመደው አንብበው የሚነግሩዎት ሰዎች አያጡምና አልሰጋም። ወንበርዎ ይጽናልዎ፣ መጋረጃዎ ይድመቅልዎ፣ የሚረግጡት ደረጃ ሁሉ ጠርዙ ይታይዎት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ የወደቀችውን ልጅ ለማንሣት ባጎነበስኩበት ልክ እጅ እነሣለሁ።

የዳኛዋ አክስት፣
የማተሚያ ቤቱ አራሚ

ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች ባለው ነጭ ቦታ ላይ አንድ መስመር አሳትሜያለሁ። ቀለሙ የታፔላ ጸሐፊው ባዶ ነው ያለው የመጨረሻው ረድፍ ቀለም ነው፤ ከማሽኑ ሠራተኛ ጋር እስኪመጣልን ድረስ ብዙ ወረቀት አበላሽተናል። ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉት፣ ወደ መስኮቱ ያዙሩት፣ ገልበጥ አድርገው ይዩት። ካልታየዎት «አላየሁም» ይበሉ፤ ማንም አስመሳይ አይልዎትም፤ እንዲያውም ጮክ ብለው ቢሉት፣ ይህ ቃል የጠፋባት አንዲት ልጅ ሰምታ መልሳ ትለምደው ይሆናል። ብቻ እባክዎን ደብዝዟል ብለው እንዳያሳድሱት። ምን እንደሚል አልነግርዎትም። «እንኳን ደህና መጡ» ግን አይልም።